የሜዳ አህያዋ ከኤላው የወጣችበት ክረምት

መምህር ማለት ዓመቱን ሙሉ ክረምትን ሲናፍቅ ከርሞ፣ ክረምት ሲመጣለት ምን እንደሚያደርግበት የሚቸግረው ፍጡር ነው። ይህን የምላችሁ ከውጭ ሆኜ ላማ ብዬ አይደለም፤ ዕድሜዬን በጠመኔ ብናኝ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ የማማው ራሴን ነው። ሰኔ ላይ ፈተናው ታርሞ፣ ካርዱ ታድሎ፣ ተማሪው እየጮኸ ከግቢ ሲወጣ መምህሩም በሆዱ አብሮ ይጮኻል። ሳምንት ሳይሞላው ግን የሚቆጣው ልጅ ያጣና ከቤት አከራዩ ዶሮዎች ጋር ይጣላል። አንዳንዱ የክረምት ኮርስ ደርሶት አዲስ አበባ ይወጣል። አንዳንዱ አገሩ ይገባል፤ ዓመቱን ሙሉ «ግብርና የአገራችን የጀርባ አጥንት ነው» ሲል የከረመው ሰውዬ የአባቱን ሞፈር ጨብጦ የመጀመሪያውን ትልም ሳይጨርስ የራሱን የጀርባ አጥንት ይዞ ይቀመጣል። የቀረነው ካርታ እንጫወታለን። ካርታው ሲሰለቸን ሰው እናማለን።

ነገሌ ቦረና ላይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነበር፤ ክረምቱ ራሱ ክረምት አልነበረማ። ደገኛ ወገኖቻችን «ሐምሌ ጨለማ» እያሉ ጭቃ ሲያቦኩ፣ በእኛ ዘንድ ዝናቡ በበልግ ዘንቦ አብቅቶለት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ብርዳም ነፋስ ቀዩን አቧራ እያነሳ ፊታችንን ይመርገናል። በቀን መቁጠሪያው መሠረት ክረምት ላይ ነን። ሰማዩ ግን ቀን መቁጠሪያ አላነበበም።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። እኔ በከተማው ትምህርት ቤት የሰውነት ማጠንከሪያ መምህር ነበርኩ። የሰውነት ማጠንከሪያ መምህር በመምህራን ዘንድ ያለውን ቦታ ታውቁት እንደሆነ አላውቅም። የሂሳቡ መምህር ይከበራል፣ የሳይንሱ ይፈራል፣ ለግብረ ገቡ እጅ ይነሳል፤ እኔ ግን ኳስ ወርውሮ ጥላ ሥር የሚቀመጥ፣ ፊሽካ አንጠልጥሎ ደመወዝ የሚበላ ሰው ተደርጌ ነበር የምታየው። ለክረምት ኮርስ ላመለክት ብሄድ ርዕሰ መምህሩ በቅን ልቦና፣ ሊያላግጡብኝ ሳያስቡ፣ «መዝለልስ ምን ኮርስ አለው ልጄ?» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ነው አቶ መኩሪያ የሚባሉ ወፍራም፣ ረጋ ያሉ ሰው በላንድሮቨር ወደ ትምህርት ቤታችን የመጡት። የዱር አራዊት ጥበቃ ሹም ነበሩ። ከያቤሎ በታች ባለው ሜዳ የሚኖሩት አራዊት እንዳያልቁ ቦታው ሊጠበቅ መሆኑን፣ ለዚህም በእረፍት ጊዜያቸው አብረዋቸው የሚሠሩ መምህራን እንደሚፈልጉ ነገሩን። ሥራው የመኪና መንገድ መጥረግ፣ እንግዳ ሲመጣ መምራት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አርብቶ አደሩን ስለ አራዊቱ ማስተማር ነው። «ዘበኛ አላጣሁም» አሉ፣ «ያጣሁት ሰው የሚያሳምንልኝ ነው። ማሳመን ደግሞ የእናንተ ሙያ ነው ብዬ ነው የመጣሁት።» አንድም ልጅ አሳምኖ የማያውቀው መምህር ሁሉ መሬት መሬት አየ። እጃችንን ያወጣነው ሁለት ነን፤ እኔና መምህርት አልማዝ።

አልማዝ ከጎንደር ከጦሩ ጋር የመጡ የሃምሳ አለቃ ልጅ ናት፤ የተወለደችው እዚያው ነገሌ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሂሳብ ታስተምር ነበር። ከጦር ሠፈሩ ልጆች ጋር አማርኛ፣ ከገበያው ልጆች ጋር ኦሮምኛ ስትናገር ያደገች በመሆኗ በአማርኛ ትቆጣለች፣ በኦሮምኛ ታባብላለች፣ በሁለቱም ታሸንፋለች። ስለ እሷ ብዙ ባልል ይሻለኛል፤ የምጽፈውን ሁሉ ከአንባቢ ቀድማ የምታነበው እሷ ናት። አባቷ የፈቀዱላት ያቤሎ የክርስትና እናቷ ቤት እያደረች፣ ጠዋት በላንድሮቨር ሄዳ ማታ በላንድሮቨር እንድትመለስ አቶ መኩሪያን መስቀል አስመትተው ነው። እኔን የሚያስምል አባት ስላልነበረኝ ድንኳን ተሰጠኝ።

የቤት አከራዬ፣ የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት፣ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ደፉ ላይ ቆመው «የምን ሥራ ነው ያገኘኸው ልጄ?» አሉኝ።

«የዱር አራዊት መጠበቅ ነው። ቀጭኔ፣ ሳላ፣ በተለይ የሜዳ አህያ።»

«የቤቱን አህያ የሚጠብቅ ልጅ በጠፋበት አገር» አሉ፣ «ይሄን ያህል ዓመት ተምረህ የሜዳውን?» እናቴ ብትሰማ ምን እንደምትል አስበው እሷን ወክለው አዘኑ።

መንገዳችን ዙሪያ ጥምጥም ነው። ወደራን አልፈን፣ ሻኪሶ አድረን፣ በጭነት መኪና ላይ ጆንያ ተደግፈን ስንጓዝ አብሮን የተሳፈረው ሁሉ ወርቅ ሊያወጣ የሚሄድ ነው። «እናንተስ ወርቅ ነው?» ይለናል። «የለም፣ የሜዳ አህያ ነው» ስንለው ምሥጢር የደበቅነው እየመሰለው ይጠቅሰናል።

ሜዳው ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ሰው አንድ ጊዜ ካየው በኋላ ዓይኑ ከክፍል ግድግዳ ጋር የሚጣላበት ሜዳ ነው። ቀይ አፈር፣ ጃንጥላ የመሰለ ግራር፣ እንደ ጭስ ማውጫ ሽቅብ የተወረወረ ኩይሳ። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ የሜዳ አህዮቹ መስመር ሠርተው ሲያልፉ ማየት፣ ተማሪ ተሰልፎ ወደ ክፍል ሲገባ ከማየት አይለይም። ልዩነቱ እነዚህ አለመገፋፋታቸው ብቻ ነው።

ሥራዬን በትጋት ጀመርኩ። ጠዋት ከዘበኞቹ ጋር ቁጥቋጦ እመነጥራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በካርቶን ላይ የተሳሉ አራዊት ይዤ ግራር ሥር አስተምራለሁ። አልማዝ ታስተረጉማለች። ቦረናዎቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው። «አካም? ናጋ?» ተባብለን፣ የሰው፣ የከብት፣ የሣርና የውሃ ደህንነት ተጠያይቀን ስናበቃ በትሮቻቸውን ተደግፈው በጸጥታ ያዳምጡኛል። ተማሪ እንዲህ አዳምጦኝ አያውቅም። የመጀመሪያው ቀን ትምህርቴን እንዳበቃሁ አባ ጋልገሎ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሱ። በአካባቢው ባለው ኤላ ከብት የሚጠጣበትን ተራ የሚያስከብሩት እሳቸው ናቸው።

«ባርሲሳ» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። «ንግግርህ መልካም ነው። እኛ ሣሩንና ውሃውን ለሜዳ አህያዋ እንድናካፍላት ነገርከን፣ ሰማን። ለእሷስ ነግረሃታል? ሣራችንን የምትግጠው እሷ ናት።»

አልማዝ ስታስተረጉም ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ሰዎቹ ግን አልሳቁም፤ ጥያቄው የምር ነበረ። «እሷ ናት የእናንተ፣ ከብቱ ነው የእኛ» ብለው ጨመሩና በትሕትና ተሰናበቱኝ። በማግሥቱም መጡ፣ በማግሥቱም አዳመጡ፣ በማግሥቱም ያው ሆነ። አቶ መኩሪያ «እንዴት ነው፣ እያመኑ ነው?» ሲሉኝ «እየተከታተሉ ነው» እላለሁ። መምህር ተማሪው እንዳልገባው ሲያውቅ የሚጠቀምባት ቃል ናት።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ፤ መጀመሪያ ግን ኤላ ያላየ ሰው ስላለ ኤላውን ላሳያችሁ። ኤላ የውሃ ጉድጓድ ነው ብዬ ብተወው ዋሸሁ። መጀመሪያ መሬቱ እንደ ሰፊ ቦይ እየተቆረጠ፣ እየጠመዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከብቱ በዚያ ወርዶ፣ ግርጌው ላይ በጭቃ ከተሠራ ገንዳ ይጠጣል። ከገንዳው በስተኋላ ቀጥ ያለው ጉድጓድ አለ። ጎልማሶቹ እዚያ ውስጥ አንዱ ከአንዱ ትከሻ በላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን በቆዳ ባልዲ ሽቅብ እየተቀባበሉ ገንዳውን ይሞሉታል። የሩቁ አገር ሰው «የሚዘፍን ጉድጓድ» ቢለው አይፈረድበትም። በነገራችን ላይ ባልዲው የሚሠራው ከቀጭኔ ቆዳ ነው። አቶ መኩሪያ፣ የቀጭኔ ጠባቂው፣ ባልዲውን ባዩ ቁጥር ስለ አየሩ ሁኔታ ያነሳሉ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ላንድሮቨሩ አልማዝን አድርሶ ገና ሞተሩ ሳይበርድ፣ ጉዮ የሚባለው ከኤላው ቀጂዎች ሁሉ ጠንካራ የሆነው ጎልማሳ እየሮጠ መጣ። የቦረና ጎልማሳ በከንቱ አይሮጥም። «አህያችሁ ኤላችን ውስጥ ገባች» አለ።

ስንደርስ ነገሩ እንዲህ ነበር። የሜዳ አህዮቹ የውሃ ሽታ ስቧቸው ጎህ ሲቀድ ወደ ቦዩ ወርደዋል። ሰው ሲመጣ ሲደነግጡ ሌሎቹ ሽቅብ አመለጡ፤ አንዷ ገንዳውን ዘላ ከኋላው ካለው ጉድጓድ ገባች። ያ ኤላ ከጥልቆቹ አልነበረም፤ ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም አፉ ላይ ይደርሳል። ታቹም ውሃና ጭቃ ስለሆነ እግሯ አልተሰበረም። እስከ ሆዷ ተነክራ፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ ወደላይ ታየናለች። ከላይ ደግሞ፣ ከቦዩ አፍ ጀምሮ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ከብት ቆሟል። ዝናብ በሌለበት ወቅት ውሃ በተራ ነው፤ የዚያን ዕለት ተረኛ የሆነው ከብት ሳይጠጣ ሰንብቶ፣ ከሩቅ ተነድቶ የመጣ ነው። ከኋላው የነገ ተረኛ መንገድ ላይ ነው። ጥጆቹ እየጮኹ ነበር። እሷ እዚያ ውስጥ ብትሞት ውሃው ይበላሻል፤ ውሃው ቢበላሽ ያ ሁሉ ከብት የት ይሄዳል? ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተሳደበም፤ ይህ ነው ያስፈራኝ።

አቶ መኩሪያ ጠመንጃቸውን አቀባብለው ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። ፊታቸው ጠቁሯል። «ተሠቃይታ ከምትሞት እኔው ልገላግላት። ከዚያ እየቆራረጣችሁ ታወጧታላችሁ» አሉ።

አባ ጋልገሎ በትራቸውን አግድም ይዘው ከፊታቸው ቆሙ። «ኤላ ውስጥ ደም አይፈስም» አሉ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «የአባቶቻችን ሕግ ነው። የተጣላ ሰው እንኳን እዚህ ሲደርስ ጠቡን ውጭ ትቶ ነው የሚገባው።»

«ታዲያ ምን ይሁን ይላሉ?»

«በሕይወት ትውጣ።»

«እንዴት አድርጋ?»

ሽማግሌው ዞረው እኔን አዩ። «እኛ ምን እናውቃለን» አሉ። «የእኛ ናት ስትሉን ከርማችኋል። ባርሲሳው ይንገረን።»

የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ልንገራችሁ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ከብት፣ ያቺም ከታች ያለችው፣ እኔን እያዩ ነው። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለውን ተረት አስታወስኩ፤ አሁን የአህያዋ ባል እኔ ሆኛለሁ። መሸሽ ብፈልግ እንኳ የቦዩ አፍ በከብት ተዘግቷል። «እንጎትታታለን» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ።

በመኪና እንጎትታት እንዳንል ቦዩ ጠባብና ጠምዛዛ ነው፤ ላንድሮቨር አያስገባም። ስለዚህ በሰው ጉልበት መሆን ነበረበት። አባ ጋልገሎ ገንዳው እንዲፈርስ ፈቀዱ፤ ቀላል ፈቃድ አልነበረም። ጎልማሶቹ የጉድጓዱን ከንፈር በዶማና በአካፋ እየቆረጡ ተዳፋት አደረጉት። የመኪናው መጎተቻ ገመድና የሰዎቹ የጠፍር ገመድ ተሰበሰበ። ግን ገመዱን ሆዷ ላይ ብናስረው ሊቆርጣት፣ አንገቷ ላይ ብናስረው ሊያንቃት ነው። ሁላችንም ገመዱን ይዘን ስናስብ አልማዝ «ልጅ በምንድነው የሚታዘለው?» አለችኝ።

«በአንቀልባ።»

«እንግዲያው እዘላት» አለችና የላንድሮቨሩን ሸራ አስፈታች።

ሸራውን ከሆዷ በታች የሚያሳልፍ ሰው መውረድ ነበረበት። ጉዮ ወረደ፤ እኔም ወረድኩ። ከጀግንነት አይደለም፤ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ስሆን ጉዮ ብቻውን ቢወርድ ከዚያ በኋላ ግራር ሥር ቆሜ ምን ብዬ አስተምራለሁ? ጭቃው ጭኔ ደረሰ። እሷም ተቀበለችን፤ የመጀመሪያው እርግጫ ግድግዳውን፣ ሁለተኛው የእኔን ጭን አገኘው። ጉዮ «ዓይኗን፣ ዓይኗን ሸፍን» ይለኛል። የሚሸፈንበት ነገር ስፈልግ ያገኘሁት የለበስኩትን ነው፤ ለማለዳው ብርድ የደረብኩት ብቸኛ የሱፍ ኮቴ። (ግራጫ ነበር። ባለቤቴ ቡናማ ነበር ትላለች። እኔ ነኝ የለበስኩት።) ፊቷ ላይ ጥዬ እጅጌዎቹን ከአገጯ ሥር አሰርኩ። ጨለማ ሲሆንባት ረጋች። ቆዳዋ ብቻ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል፤ እጄን አንገቷ ላይ ሳደርግ ልቧ ሲመታ ይሰማኛል። የእኔም እንዲሁ። ጉዮ ከዚያ በኩል ሆኖ የሸራውን ጫፍ ሲቀበለኝ በኦሮምኛ ቀስ እያለ ያናግራት ነበር፤ ላሟን እንደሚያናግር።

ስንወጣ ሰው ሁሉ ገመዱን ተቀራምቶ መሳብ ጀመረ። አንዱ ሲስብ ሌላው ያርፋል፣ ሌላው ሲስብ ያኛው ይንሸራተታል። እሷ ትንሽ ከፍ ትልና ተመልሳ ጭቃው ውስጥ ትወድቃለች። አንዱ በሌላው ላይ ወደቀ፤ እስከዚያ ዝም ያለው ኤላ በሁለት ቋንቋ ስድብ ተሞላ። አቶ መኩሪያ ግድግዳ ወዳስደገፉት ጠመንጃ በዓይናቸው ሲሄዱ አየኋቸው።

ይሄኔ ፊሽካዬን ነፋሁ።

ገመድ ጉተታ፣ ጌቶቼ፣ የእኔ ትምህርት ነው። ሳይንስና ሂሳብ በማይደርሱበት፣ በየዓመቱ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ሰባተኛን ከስምንተኛ የማጋጥምበት፣ ማንም ኮርስ የማይሰጥበት ትምህርት። ሁሉንም ገመዱን አስጣልኳቸው። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አድርጌ አሰለፍኳቸው። ገመዱ በብብት ሥር ነው፣ እጅ ላይ አይጠመጠምም። ተረከዝ መሬት ይቆፍራል፣ ጀርባ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ክንድ አይስብም፣ የሚስበው ክብደት ነው። ይህን ጨርሼ በሰልፉ መጨረሻ ላይ ገመዱን በወገቡ አዙሮ እንደ ካስማ የሚተከል ከባድ ሰው ፈለግኩ። ቦረናዎቹ ሁሉ ሸንቃጦች ናቸው። ዓይኔ አቶ መኩሪያ ላይ አረፈ።

«እኔ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት የሚያስፈልጉት።»

ሹሙ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለአልማዝ ሰጧትና ገመዱን ወገባቸው ላይ አዞሩ። ሰዎቹ ይህን ሲያዩ አቋማቸው ተለወጠ። እኔ «አንድ፣ ሁለት» ማለት ስጀምር ግን አሁንም ግማሹ በአንድ፣ ግማሹ በሁለት ይስባል። አልማዝ ከጉድጓዱ ከንፈር ላይ ሆና «ቁጥሩን ተወው። በሚያውቁት ይሳቡ» አለችኝና ወደ ጉዮ ዞራ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገረች። ጉዮ ጉሮሮውን ጠረገ። ውሃ ሲቀዱ የሚዘፍኑትን ዘፈን ጀመረው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ መንገር እፈልጋለሁ፤ ደጋግሜ ስለነገርኩት ግን የቱ የሆነው፣ የቱ የጨመርኩት እንደሆነ አልማዝን መጠየቅ ይኖርባችኋል። ጉዮ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ሲቀበሉ ሁሉም ጀርባ ባንድ ላይ ወደ ኋላ ይተኛል። ገመዱ ጮኸ። ሸራው ተወጠረ። የእኔ ኮት ጀርባ መጀመሪያ ብቅ አለ፣ ቀጥሎ አንገቷ፣ ቀጥሎ የፊት እግሮቿ ተዳፋቱን መቧጠጥ ጀመሩ። አባ ጋልገሎ፣ የዚያን ያህል ሽማግሌ፣ በትራቸውን ጥለው ከሰልፉ ገብተዋል፤ ማን በቀኝ፣ ማን በግራ እንደሆነ ሳይሳሳቱ። አልማዝ አንድ እጇን አንስታ «ደረሰች፣ አትልቀቁ፣ ደረሰች» ትላለች፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ እሷ ራሷም አታውቀውም። የመጨረሻው ስበት ላይ አቶ መኩሪያ ከቁማቸው በጀርባቸው ወደቁ፤ እሷም ከንፈሩን አልፋ ደረቁ መሬት ላይ ተንበረከከች።

ጉዮ ሸራውን ፈታ። እኔ ኮቴን ልፈታ እጄን ስዘረጋ ተነሳች፤ ኮቱ ከዓይኗ ተንሸራቶ አንገቷ ላይ ቀረ። አንድ ጊዜ አየችን። ከዚያ ካባ ደርባ፣ በሰዎቹ መሃል፣ በቦዩ ሽቅብ፣ መንገድ በለቀቀላት ከብት መካከል ጋለበች። ከሩቅ ያያት ሰው ስብሰባ የረፈደባት የወረዳ ሹም ናት ይላል።

መጀመሪያ የሳቁት አባ ጋልገሎ ናቸው። መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። ከዚያ ኤላው በሙሉ ሳቀ። እኔም ስስቅ አንገቴ ላይ ያለው ፊሽካ ይዘላል፤ ጭኔ ያብጣል፣ ኮቴ ሜዳውን ያቋርጣል፣ በሕይወቴ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አልማዝ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና፣ የሹሙን ባርኔጣ ሳታውቀው ደፍታ ቆማ ነበር። የዚያን ዕለት ያሰብኩትን ለአባቷ ለመንገር ዓመት ፈጀብኝ።

ደስታውም ሥራውን አላስቀረም። ሁላችንም፣ ሹሙን ጨምሮ፣ ጭቃ እያቦካን ገንዳውን መልሰን ሠራነው። ጎልማሶቹ ውሃውን እስኪጠራ ቀድተው ደፉት። ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጀመሪያዎቹ ላሞች ጠጡ። አባ ጋልገሎ ወተት በገንቦ አስመጥተው ለሦስታችንም በእጃቸው አቀበሉን፣ መረቁንም፤ ምርቃቱ ረጅም ስለነበር አልማዝ መሃል ላይ ማስተርጎሙን ትታ አብራቸው «አሜን» ትል ጀመር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው አንድ ነገር ወሰኑ። ከኤላው ውጭ፣ ከሜዳው ጠርዝ ላይ፣ ሌላ ገንዳ ይሠራል፤ ከብቱ ጠጥቶ ሲያበቃ የተረፈው ውሃ እዚያ ይፈስሳል፤ አራዊቱ ከዚያ ይጠጣል። ይህን ስሰማ ደረቴ ተነፋ። ትምህርቴ ፍሬ አፈራ ብዬ ካርቶኔን አቅፌ ወደ አባ ጋልገሎ ሄድኩ። «ያ ሁሉ ያስተማርኩት ገባችሁ ማለት ነው?» አልኳቸው።

«የቱ?» አሉኝ።

«ስለ አራዊት ጥቅም የነገርኳችሁ።»

«እሱማ መልካም ነበር» አሉ ወገባቸውን እያሹ። «እኛ የፈራነው ግን ደግማ ብትወድቅ ማን ይጎትታታል ብለን ነው።»

ይሁን። የወገብ ሕመም ያስተማረውን ትምህርት ማን ይንቃል? ደግሞም ከዚያ ወዲህ የአነጋገራቸው ነገር ሲለወጥ አስተውያለሁ። «አህያችሁ» ቀርቶ «ያቺ የእኛዋ» ሆነች። ኮቴን የሆነ እሾህ ላይ ጥላው ኖሮ ጉዮ ቅዳጁን አግኝቶ አመጣልኝ፤ እሷ ግን ደህና ናት፣ ከእነ እንትና ጋር ናት፣ ትናንት ማታ ጠጥታለች እያለ ወሬዋን ሳልጠይቀው ይነግረኛል። ሰው በገዛ እጁ ከጉድጓድ ያወጣውን ነገር ባዳ ማድረግ አይሆንለትም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ሻንጣችንን ለነገሌ ማዘጋጀት ስንጀምር፣ ከዋና ከተማ አንድ ጌታ በአዲስ መኪና፣ በሚያብለጨልጭ ጠመንጃ መጡ። የአደን ፈቃድ ይዘዋል፤ ለሳሎናቸው የሜዳ አህያ ቆዳ ይፈልጋሉ። አቶ መኩሪያ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት፤ ማኅተሙ ማኅተም፣ ፊርማው ፊርማ ነው። «ፈቃዱ ትክክል ነው። እኔ ላቆምዎ አልችልም» አሉና መኪናቸው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ጌታው አስተርጓሚ ስለጠየቁ እኔና አልማዝ አብረናቸው ወደ ኤላው ሄድን። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመብኝ መንገድ የለም። ሰዎቹ የእያንዳንዷን የሜዳ አህያ መዋያ ያውቃሉ፤ የቦረና ሰው ሲጠየቅ ደግሞ እንግዳ አያሳፍርም።

ጌታው ከመኪና ወርደው «የሜዳ አህያ የት ይገኛል በላቸው» አሉኝ። አልማዝ ጠየቀች።

አባ ጋልገሎ ጠመንጃውን አዩ፣ አልማዝን አዩ። «የሜዳ አህያ» አሉ። «ምን ትመስላለች?»

ጌታው በትዕግሥት አስረዱ። ጆሮዋን በእጃቸው ሠሩ፣ ጅራቷን ሠሩ፣ በአየር ላይ ነጭና ጥቁር መስመር አሰመሩ። ሰዎቹ በትሮቻቸውን ተደግፈው፣ ያንኑ እኔን የሚያዳምጡበትን ጨዋነት ሳያጎድሉ አዳመጧቸው። ሲጨርሱ ጉዮ ራሱን ነቀነቀ። «እግዜር እንዲህ ያለ አህያም ፈጥሯል?» አለ። አልማዝ ፊቷ ሳይፈታ አስተረጎመች። «አባቴ አንድ ጊዜ ሰምቻለሁ ይል ነበር» አለ ሌላው፣ «ግን ወደ ማዶ ነው፣ ሩቅ ነው» ብሎ ምንም ወደሌለበት ወደ ድንጋያማው አገር አመለከተ። በዚህ መሃል ጉዮ ሰበብ ፈልጎ ፍየሎቹን በአዲሱ ገንዳ ዙሪያ ሲነዳቸው፣ የጠዋቱ የሜዳ አህዮች ዱካ ሁሉ በፍየል ዱካ ሲጠፋ እያየሁ ነው።

ጌታው በድንጋያማው አገር ሲንከራተቱ ሰንብተው፣ ቅንድባቸው ሳይቀር አቧራ ለብሶ ተመለሱ። አቶ መኩሪያ ላይ ተቆጡ። «እዚህ ምንድነው የምትጠብቁት? ባዶ ሜዳ?»

«ምን ይደረግ ጌታዬ» አሉ አቶ መኩሪያ እጅ እየነሱ፣ «የእንጀራ ነገር ነው።»

መኪናው በአቧራ ተሸፍኖ እስኪጠፋ ቆመን ሸኘነው። እኔም በሆዴ ሂሳብ ሠራሁ። ክረምቱን ሙሉ ስለ ሜዳ አህያ ሳስተምራቸው የከረምኩት ሰዎች፣ ፈተናው በመጣ ቀን፣ የሜዳ አህያ ምን እንደሆነች እንኳ አናውቅም አሉ።

ሁሉንም አሳለፍኳቸው።